በመስኮት የወጣው ኩማ

ኩማ ጉማሬ በሚውልበት የሐይቁ ዳር ሲዋኝ ያዩ ሰዎች ነግረውኛል። በአንድ እጁ ብስክሌት እየነዳ፣ ሌላ ብስክሌት በትከሻው ተሸክሞ መሃል ከተማን ሲያቋርጥ ደግሞ በገዛ ዓይኔ አይቻለሁ። አዋሳ ለማስተማር ተመድቤ ስመጣ የተከራየሁት እሱ ግቢ ውስጥ ያለችውን አንዲት ክፍል ነበር። ቱላ ተወልዶ ያደገ፣ ብስክሌት የሚያከራይና የሚጠግን፣ ትከሻው ሰፊ፣ ሳቁ አጥር ዘልሎ የሚሰማ ሰው ነው። ሚስቱ ታቢታ ስትመጣ ግን ያ ሳቅ ዝናብ እንደመታው እሳት እልም ይላል። ይህን ሳይ መጀመሪያ ገረመኝ፤ ኋላ ምክንያቱን አንድ ቀን ጎማ እየለጠፈ ራሱ ነገረኝ።

በሰባ ስድስት ዓ.ም. ታቢታ ሁለተኛ ልጇን ስትወልድ ደም ፈሰሳት። ሐኪሙ ደም ካላገኘች አትተርፍም አለ። በዚያን ጊዜ ደም የሚሰጠው ዘመድ ነበርና ኩማን ወደ አንዲት ክፍል አስገብተው እጅጌህን ሰብስብ አሉት። ነርሷ ጠርሙስ ልታመጣ ዞር ብላ ስትመለስ መስኮቱ ተከፍቷል፤ ወለሉ ላይ አንድ እግር ጫማ ቀርቷል። ኩማ የለም። ከቤታቸው ፊት ለፊት ሱቅ ያለው ጠሀ ሊጠይቃት መጥቶ ኮሪደር ላይ ቆሞ ነበር። የያዘውን ስኳር ለሰው አስይዞ ገባና ሰጠ። ታቢታ ዳነች፤ ልጅቷም ዳነች።

ኩማ በሦስተኛው ቀን ከቱላ ተመለሰ። ደሙ የተመረመረ ሰው ስሙ ለዘመቻ ይመዘገባል ሲሉ ሰምቼ ነው፣ ወደ ጦር ግንባር ሊወስዱኝ ነው ብዬ ሸሸሁ አለ። ወጣቱ ከየመንገዱ የሚታፈስበት ዘመን ስለነበር ሰፈሩ በግማሽ ልቡ አመነው። ታቢታ ግን አመንኩም አላመንኩም አላለችም። አልጠየቀችውም፣ አልተቆጣችውም። ምግብ ታቀርብለታለች፣ ልብሱን ታጥባለች፤ ዓይኑን ግን አታየውም። ጠሀን ወንድሜ ትለዋለች። ኩማ ለአንድ ክብሪት እንኳ ገበያ ድረስ ይሄዳል እንጂ ወደዚያ ሱቅ አይሻገርም። አራት ዓመት ሙሉ የሚመኘው አንድ ነገር ብቻ ነበር፦ ታቢታ አንድ ቀን ቀና ብላ እንድታየው።

በሰማንያ ዓ.ም. ከአንዱ ወዳጅ የሶሻሊስት አገር ፊልም መጣ፣ እሁድ ከቀትር በኋላ በከተማው አዳራሽ ይታያል ተባለ። ታቢታ የምትሠራው ታይፒስትነት ነው፤ መሥሪያ ቤቷ ሁለት ሁለት ትኬት አደለ። ፕሮቴስታንቶች ናቸው፤ የእነሱ ሃይማኖት ሰዎች ሲኒማ አይገቡም ነበር። ነገር ግን የጸሎት ቤታቸው ታሽጎ ባለበት ጊዜ ትኬት መመለስ ጥያቄ ያስከትላል። ስለዚህ ገቡ። እኔ ከኋላቸው ተቀመጥኩ።

ፊልሙ ሲሄድ ጋሽ ኃይለጊዮርጊስ የሚባሉ ጡረተኛ አስተማሪ ወረቀት እያዩ በማይክሮፎን ይተረጉማሉ። "ይህ የምታዩት ሰው ከሞተ ሁለት መቶ ዓመቱ ነው" አሉ። "የሚኖረው የሰው ደም እየጠጣ ነው። ደም መጣጭ ነው።"

ይህን ቃል እንደሰማ ፊት ወንበር ላይ የነበረ ሰው ከስብሰባ ልማዱ የተነሳ ብድግ ብሎ ግራ እጁን ጨበጠ። "ደም መጣጮች ይውደሙ!"

"ይውደሙ!" አለ አዳራሹ በሙሉ። እኔም ብያለሁ። ከዚያ ምን እንዳልን ሲገባን በሳቅ ፈነዳን።

ሙቱ ግን እንደጠበቅነው አልነበረም። ቀጭን፣ ዓይን አፋር፣ ኮቱ የሰፋው ሰው ነው። የአንድ ሰዓት ጠጋኝ ሴት ልጅ ይወዳል፤ ወዶ ካልሰጠው ሰው አንዲት ጠብታ ላይቀምስ ምሏል። ሥራው በበረዶ ላይ መመላለስና በመስኮቷ ማየት ብቻ ነው። የሕንድ ፊልም የለመደው ተመልካች ተቁነጠነጠ።

"ጋሼ፣ መቼ ነው የሚነክሳት?"

"እኔ ምን ላድርግ፣ እሱ እንቢ አለ!"

"ዘፈን የለ፣ ድብድብ የለ! ይሄ ፊልም ነው ሐዘን ቤት?"

"ኧረ ከሳ እኮ!" አሉ አንዲት እናት ከጎን። "እናንተ፣ አንድ ነገር ያቅምሱት!"

ቅድም ይውደም ያልነውን ሰው አሁን ይብላ ብለን እንለምንለት ጀመር። የሰው ልብ እንዲህ ቶሎ ሲዞር አይቼ አላውቅም።

ልጅቷም መራቡ ገባት። አንድ ምሽት እጅጌዋን ሰበሰበችና ክንዷን ዘረጋችለት። የጋሽ ኃይለጊዮርጊስ ድምፅ ዝቅ አለ። "ውሰድ ትለዋለች። ወድጄ ነው ትለዋለች።" ሙቱ ክንዷን አየ። ከዚያ ዞረና መስኮቱን ከፍቶ ዘለለ።

"ኩማ!" አለ አንድ ድምፅ ከኋላ። "ኧረ ኩማ ነው!"

"ጫማውን እዩለት፣ ጫማውን!"

አዳራሹ ተናወጠ። እግራቸውን ከወለሉ ጋር እያጋጩ ሳቁ። እኔም ሳቅሁ። በቤቱ የሚያኖረኝን ሰው ማጅራት እያየሁ፣ በማጅራቱ ላይ ላብ ችፍ ሲል እያየሁ ሳቅሁ። ታቢታ አልሳቀችም። ወደ እሱም አልዞረችም። ሸራውን ብቻ ታያለች።

ሙቱ ሊነጋ ሲል ተመለሰና በሯ ላይ ቆመ። "ለምን ሸሸህ? ትለዋለች" አሉ ጋሽ ኃይለጊዮርጊስ። ወረቀታቸውን አገላበጡ። "ፈርቼ አላት። ሌላ ነገር የለውም። ፈርቼ ብቻ ነው ያለው።"

ፀሐይ ስትወጣ ሙቱ አልሸሸም። ልጅቷ በብርሃን እንድታየው ቆመላትና እንደ በረዶው ሟሟ። እኚያ እናት "ነፍስ ይማር" አሉ። የሚያፏጭም ነበር፣ አፍንጫውን የሚጠርግም ነበር። ኩማ ሁለት መዳፉን ፊቱ ላይ አድርጎ ትከሻው ይንቀጠቀጥ ነበር።

ወደ ቤት ስንሄድ ከእነሱ ሁለት እርምጃ ወደኋላ ቀረሁ። ቢሆንም ሰማሁ።

"ኩማ።"

"አቤት።"

"ያኔ የሸሸኸው ዘመቻ ፈርተህ ነው?"

"አይደለም" አላት። "ዘመቻው ትዝ ያለኝ ቱላ ከደረስኩ በኋላ ነው፤ ለሰው የምመልሰው ሳጣ። መርፌውን ነው የፈራሁት። ያ ጠርሙስ እስኪሞላ የምሞት መሰለኝ። አንቺ እየሞትሽ መሆኑን አውቃለሁ። እያወቅሁ ነው የዘለልኩት።"

"አውቅ ነበር" አለችው። "ዘመቻ የፈራ ሰው ጫማውን አድርጎ ነው የሚሸሸው።"

"ታዲያ ምነው ዝም አልሽ?"

"አንተ እስክትለው ነዋ። ፍርሃትህን ይቅር ለማለት ሁለት ቀን በቃኝ። ውሸቱን ግን አራት ዓመት ሙሉ መሃላችን አስተኛኸው።"

ይህንን ስትል እንኳ የምታየው መንገዱን ነበር። እኔም መስማቴ አሳፈረኝና ወደ ሌላ መንገድ ታጠፍኩ።

በማግስቱ ኩማ ብስክሌቶቹን ሳያወጣ ሆስፒታል ሄደ። ደም ልሰጥ መጣሁ አለ። ለየትኛው በሽተኛ ብለው ጠየቁት። ለማንም አለ። "ወንድሜ፣ ያለ በሽተኛ ደም አንቀዳም" አለችው ነርሷ። "የምናስቀምጥበት የለንም። ሰው ሲታመምብህ ና።" ሰው እንዲታመም መመኘት ደግሞ ነውር ነው። ኩማ እጅጌውን መልሶ ወጣ።

ከዚያ በቀጥታ የመጣው ወደ ጠሀ ሱቅ ነው። እኔ እስክሪብቶ ልገዛ ቆሜያለሁ፤ ሦስት ሴቶች ሳሙና ይጠብቃሉ። ጠሀ ቀና ሲል ኩማን አየና እጁ ሚዛኑ ላይ ቀረ።

"ምነው፣ ገበያው ዘንድሮ ራቀብህ?" አለው።

"ልገዛ አልመጣሁም። ላመሰግንህ ነው።"

"ለምኑ?"

"ለደሙ።" ሴቶቹ ወደ እሱ ዞሩ። ኩማ ድምፁ እየተቆራረጠ ቀጠለ። "ዘመቻ ያልኩት ውሸት ነው። መርፌ ፈርቼ ሚስቴን ጥዬ በመስኮት ወጣሁ፤ አንተ በበር ገባህ። አራት ዓመት ፊት ለፊትህ ስኖር አንድ ቀን እግዜር ይስጥልኝ አላልኩህም።"

"ተው በቃ ኩማ፣ ሰው ይሰማል።"

"ይስማ።"

ጠሀ ሚዛኑን ያለምክንያት በጨርቅ ጠረገው። "ወላሂ፣ እኔም ዓይኔን ጨፍኜ ነው የሰጠሁት" አለ ቀስ ብሎ። "ነርሷ አለቀ ስትለኝ፣ ገና አልጀመረችም ብዬ ስጸልይ ነበር።"

ከሴቶቹ አንዷ ሳቅ ብላ አፏን በነጠላዋ ያዘች። እኔ ትናንት ስቄብሃለሁ፣ ይቅር በለኝ ልለው አፌን ከፈትኩ። አልወጣኝም። እስክሪብቶዬን ይዤ ከኋላው ወጣሁ።

የምሳ ሰዓት ነበርና ታቢታ ከሥራ መጥታ በራቸው ላይ ቆማለች። ኩማ እንደተቀጣ ተማሪ አንገቱን ደፍቶ መንገዱን ተሻገረ።

"ሰምቻለሁ" አለችው።

"ሁሉንም?"

"ሁሉንም።"

አራት ዓመት የተመኘው መጣ፤ ታቢታ ቀና ብላ አየችው። ኩማ ግን የሚያየው አቧራውን ነበር።

"ቀና በል እንጂ" አለችው። "ምሳው ቀዘቀዘ።"

"ቆይ" አላት። "ትንሽ ቆይ።"

እሷም ወደ ውስጥ አልገባችም። አንድ እጇን በሩ ላይ አድርጋ፣ ዓይኗን ከእሱ ሳትነቅል ጠበቀችው።