ደንገጎን የምታውቅ መኪና

ጋራዡ የገባሁ ዕለት ሙሴ ኮስታ መጀመሪያ ያየው መንጃ ፈቃዴን ሳይሆን እጄን ነው። ገለባብጦ አየውና "አንተ ብዙ ሠርተሃል፣ ደክመሃል" አለኝ። ከጣሊያን ጊዜ ጀምሮ ሃያ ዓመት ሙሉ በሐረርና በጅጅጋ መንገድ የጭነት መኪና ስነዳ፣ ሲበላሽም ሥሩ ተኝቼ ስጠግን ኖሬ ነው የመጣሁት። እኔማ ይሄ ደመወዝ ያስጨምራል ብዬ ነበር። እሱ ግን ለሙሉ መካኒክ ከሚከፍለው ግማሹን አቀረበልኝ። "አሮጌ ሞተር፣ ትንሽ ዋጋ" አለ። ሚስቴ እርጉዝ ነበረች፤ ምን ልበል? ቱታዬን ለበስኩ።

በዚያን ጊዜ ድሬዳዋ ፈረንጅ ሁሉ ሙሴ ነው። ኮስታ ግሪክ ነበር፤ ጋራዡም ከዚራ ሰፈር፣ ከትልልቆቹ ዛፎች ጥላ ሥር። ክፉ ሰው አልነበረም። ዋጋ ሲነሳ ብቻ ጋኔኑ ይነሳበታል።

እንደገባሁ ሰሞን አንድ የባቡር መሐንዲስ፣ ሙሴ ሮቤር የሚባል ፈረንሳይ፣ አገሩ ሊገባ ሲል መኪናውን ሊሸጥ መጣ። ቀይ፣ ባለ ሁለት ወንበር፣ ጣሪያዋ የሚታጠፍ የሽቅድምድም መኪና ናት። የድሬ ልጅ ስም ሳያወጣ አያድርም፤ "በርበሬ" ይሏታል። ሰውየው ካርታ መጫወት ይወድ ነበርና ማታ ማታ ወዳጆቹ ዘንድ ሐረር ይወጣባታል። ቆጣሪዋ ዘጠና ሺህ ኪሎ ሜትር አልፏል።

ኮስታ ቆጣሪውን ሲያይ ጭንቅላቱን ይዞ እመቤታችንን በግሪክኛ ጠራ። "ፓናይያ! ዘጠና ሺህ! ሙሴ ሮቤር፣ ይሄ መኪና አይደለም፣ ሬሳ ነው!"

እኔ ኮፈኑን ከፍቼ ካንዴላዎቹን ፈታሁ። ደረቅ፣ ቡናማ፤ ዘይት የምታቃጥል መኪና ካንዴላ እንዲህ አይሆንም። የፒስተን ፋሻዋ ተቀይሯል፣ ፍሪሲዮኗም አዲስ ነው። የዋህ ነኝና ጮክ ብዬ "ሙሴ፣ ይቺ እኮ ደህና ናት!" አልኩ።

ኮስታ ጠጋ ብሎ "ዝም በል! ፈረንሳዩ ገና አልሄደም!" አለኝ።

ፈረንሳዩ ባቡር እንዳያመልጠው በተባለው ዋጋ ሸጦ ሄደ። በነጋታው ከምሳ በኋላ ኮስታ ብቻውን ገብቶ በሩን ቆለፈ፤ እኔ በቀዳዳ አየሁት። ከሩስኮቱን፣ የፊት ሰሌዳውን፣ ፈቶ፣ የቆጣሪውን ኮርዳ ነቅሎ፣ ቆጣሪውን አውጥቶ በካቻቢቴ ጫፍ ቁጥሮቹን ወደ ኋላ ሲያዞር ዋለ። ሲወጣ መኪናዋ አሥራ ዘጠኝ ሺህ ሆናለች። ትናንት ሬሳ የነበረችው ዛሬ ሙሽራ!

"ሙሴ፣ እጄንም እንዲህ ብታዞርልኝ ደመወዜ ይሞላ ነበር" አልኩት። እጁን የጠረገበትን ጨርቅ ወረወረብኝ።

ነገሩን ሳላስቅ ብነግራችሁ ጥሩ ነበር፤ ግን አልችልም። ያንኑ ሰሞን አንድ ባለ መድኃኒት ቤት አራት ሺህ ብቻ የሄደች መኪና በውድ ገዝቶ እያስገፋ ጋራዣችን አመጣት። ለካ ዘመኗን በሙሉ ደቻቱ ወንዝ ዳር ቆማ ኖራ አይጥ ሽቦዋን በልቶ፣ የላስቲክ ጎሚኒዋ ደርቆ፣ ካርቡራቶሩ በአሸዋ ተሞልቷል። "አዲስ ናት እኮ!" ይላል ሰውየው ደጋግሞ። አይጦቹም ወደዋታል አልኩ በሆዴ።

በርበሬን ግን ማን ይግዛት? የከዚራ ሰው ሁሉ ያውቃታል። ቆጣሪዋን አይቶ "በርበሬ ታናሽ እህት አለቻት እንዴ?" ብሎ ስቆ ይሄዳል። ኮስታ ከሳ። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ይሏችኋል እሱ ነው።

አንድ ቀን አዴ ፋጡማ መጣች፤ አዴ በእኛ አገር እናቴ እንደማለት ነው። አዴ ፋጡማ የመጋላ ሰፈር ጫት ነጋዴ ናት፤ ማንንም አንተ ብላ ታናግራለች፣ ማንም አይቀየማትም። በየቀኑ አወዳይ ወጥታ ጫት ጭና ትወርድና ለጅቡቲው አውሮፕላን ታደርሳለች። ካሚዮኗ ወደ ሐረር በሚያወጣው ደንገጎ ዳገት ላይ ውሃ እየፈላባት በዚያ ሳምንት ሁለቴ አውሮፕላኑ ጥሏት ሄዷል። የጅቡቲ ደንበኛዋ ደግሞ "አንድ ጊዜ ብትደግሚ ሌላ ሰው እይዛለሁ" ብሏታል። ጫት ከጠወለገ ፍየልም አይገዛው።

የቀረበላትን ሻይ ይዛ በርበሬን ዞረቻት። "ስንት ሄዳለች?"

"አሥራ ዘጠኝ ሺህ ብቻ! ገና ልጅ!" አለ ኮስታ ደረቱን ነፍቶ።

"አሥራ ዘጠኝ?" አለች ፊቷን አጨፍግጋ። "ታዲያ የት ታውቃለች? እኔ ግመል ስገዛ ዘይላ ወደብ ደርሶ የተመለሰውን ነው የምገዛው። መንገድ ያላየ ግመል መሃል በረሃ ይተኛብሃል። ይቺን በግማሽ ዋጋ፣ እሱም ለአንተ ብዬ።"

የኮስታ ፊት መኪናዋን መሰለ። ትንሽ ተንተባተበና "አዴ፣ እውነቱን ልንገርሽ... ዘጠና ሺህ ሄዳለች" አለ።

"አቦ! አሁን ደግሞ ዘጠና ሆነች? ሻዬን ሳልጨርስ?"

"በእግዚአብሔር! ቴሴ፣ ንገራት!"

ቴሴ እኔ ነኝ፤ ተሰማ። "እኔ ምን አውቃለሁ፣ ደክሜያለሁ እኮ" አልኩ። ኮስታ በጥርሱ ሲያጉረመርም ይሰማኛል። ደግነቱ አዴ ፋጡማ ራሷ ፈረደች። "ነገ እሱ ይንዳት። ጫቴ ለአውሮፕላኑ ከደረሰ የጠራኸውን ሙሉ እከፍላለሁ። ካልደረሰ ግማሽ።"

ኮስታ ተስማምቶ እጇን መታ። እሷ ስትወጣ ወደ እኔ ዞረና "ካልደረስክ ወደዚህ አትመለስ፣ ቀጥታ ቤትህ!" አለኝ። ሚስቴ ወሯ ገብቷል። 

በማለዳ እኔና አዴ ፋጡማ ተነሳን። ደንገጎ መታጠፊያዎች ላይ ካሚዮኖች ኮፈናቸውን ከፍተው እንፋሎት ይተፋሉ። በርበሬ እንደ ቤቷ ደረጃ ወጣችው። አወዳይ ላይ ጫቱን በእርጥብ ጆንያ ጠቅልለን ከኋላም፣ ከወንበሩ ሥርም፣ በአዴ ፋጡማ ጭን ላይም ከመርነው። ዓይኗ ብቻ ነው የሚታየው።

ቁልቁለቱ ሲጀምር ማርሹን ሁለተኛ ላይ ያዝኩ፤ ሞተሩ እያገሳ ቀስ ብለን ወረድን።

"ዋሪያ፣ ፍጠን እንጂ!" ትላለች ከጫቱ ውስጥ።

"አዴ፣ ደንገጎን በፍሬን ብቻ የወረደ ታች አይደርስም።"

ወዲያው ጡሩንባ ከኋላ ጮኸ። የሌላ ጫት ነጋዴ አዲስ መኪና ነው፤ ከሳጥን የወጣ ይመስላል። ሹፌሩ እጁን እያውለበለበ አለፈን። አዴ ፋጡማ ጮኸች፣ ሰደበችኝ፤ በኦሮምኛ፣ በሶማልኛ፣ ያልገባኝ በዓረብኛ መሆን አለበት። እኔ ሁለተኛ ማርሼን አልለቀቅኩም። ተሳስቼ ከሆነ ግን ሥራዬ አለቀለት።

ጥቂት ጠመዝማዛ እንደወረድን የተቃጠለ ፍሬን ሸተተን። አዲሷ መኪና ገደሉን ትታ ተራራውን ተደግፋ ቆማለች፤ ከጎማዎቿ ጭስ ይወጣል። ሹፌሩ ደህና ነው፤ ድንጋይ ላይ ቁጭ ብሎ ራሱን ይዟል።

አዴ ፋጡማ አንገቷን ከጫቱ አውጥታ "ስንት ኪሎ ሜትር ሄዳለች?" ብላ ጠየቀችው። ከዚያ እስከ ድሬ ሳቋን አላቆመችም።

ሜዳው ላይ ስንደርስ እንዲህ አለችኝ፦ "ይቺን መኪና እኔ የማላውቃት ይመስልሃል? አወዳይ በየማታው አቧራ ስታለብሰኝ የኖረችው እሷ አይደለችም? ዘጠናውን አውቄ ነው የመጣሁት።"

"ታዲያ ለምን ዝም አልሽ?"

"ሲዋሽ ልየው ብዬ። ደግሞ አንተ እንዴት እንደምትነዳም ልይ ብዬ።"

አውሮፕላን ማረፊያው ስንደርስ የአውሮፕላኑ ሞተር ገና አልተነሳም። ኮስታ ባርኔጣውን ይዞ አጥሩ ጋ ቆሟል። ሲያየን አማተበ። ጫቱ ተጫነ፣ አውሮፕላኑ ተነሳ። 

ገንዘቡን ከመቁጠሯ በፊት ግን አዴ ፋጡማ ጋራዡ ውስጥ ሣጥን ላይ ተቀመጠች። "መጀመሪያ ቁጥሯን መልስላት። የሄደችበትን መንገድ ማን አጥፋ አለህ?" አለችው። ኮስታ ካቻቢቴውን ይዞ፣ በጠራራ ፀሐይ፣ በሰው ፊት፣ ቆጣሪውን አውጥቶ ወደ ፊት ያዞር ጀመር። ላቡ ቁጥሮቹ ላይ ይንጠባጠባል። "የዛሬውንም ጨምር" ትላለች እሷ።

ሲጨርስ ሙሉውን ከፈለችው። ከዚያ በጣቷ እኔን አሳየችው።

"ይሄኛው ደንገጎን ስንት ዓመት ወጥቷል?"

"ሃያ" አልኩ።

"ስንት ትከፍለዋለህ?"

ኮስታ ዝቅ ባለ ድምፅ ነገራት። አዴ ፋጡማ ተነስታ ቀሚሷን አራገፈች። "ይሄማ የአሥራ ዘጠኝ ሺህ ዋጋ ነው። በሙሉ ደመወዝ እኔ እወስደዋለሁ።"

"አይሸጥም!" አለ ኮስታ ከአፏ ነጥቆ። በማግስቱ የሙሉ መካኒክ ደመወዝ ቆረጠልኝ። በዚያው ሳምንት ሴት ልጅ ተወለደችልኝ፤ ፋጡማ ብዬ ላወጣላት ስል ቄሱና ሚስቴ አንድ ላይ ተነሱብኝ።

ጋራዡ ውስጥ እስከ ጡረታ ኖርኩ። በርበሬን እኔው ነኝ የምጠግናት የነበረው፤ ጫት ስታመላልስ ቆጣሪዋ ሞልቶ ከዜሮ ጀምሯል።

ኪሎ ሜትር ዋጋ ይቀንሳል፤ አልክድም፣ ብረት ይበላል። ግን ቁጥሩን ካያችሁ በኋላ የት እንደሄደች፣ ማን እንደነዳትና ማን እንደጠገናት ጠይቁ። የሚመልስላችሁ ካጣችሁ ዋጋውን ቀንሱ። ከመለሰላችሁ ክፈሉ።