በሌንሴ ስም

ሰኔ ገብቶ ወንዙ ሲሞላ፣ የደፈረሰው ውሃ ሽታ እስከማስተምርበት ክፍል ድረስ ይመጣል። ያን ጊዜ ኦቦ ቶሎሳ ትዝ ይሉኛል።

ጊንጪ አጠገብ ያለው ይህ ትምህርት ቤት የተሰየመው በልጃቸው በሌንሴ ነው። ፈተና ልትፈተን ወንዝ ስትሻገር ጎርፍ ወሰዳት። ከወንዙ ወዲህ ትምህርት ቤት የተሠራው ከዚያ በኋላ ነው፤ አባቷም ጥበቃ ሆነው ተቀጠሩ።

እዚሁ ስድስተኛ ክፍል ሳለሁ፣ በወላጆች ቀን የትምህርት ቤቱን ታሪክ እንዳነብ ተመረጥኩ። በበዓሉ ዋዜማ ርዕሰ መምህሩ የሰጡኝን ወረቀት በር ላይ ለተቀመጡት ለኦቦ ቶሎሳ አነበብኩላቸው። «ሌንሴ ለትምህርት ካላት ፍቅር የተነሳ ጎርፉን ሳትፈራ...» ስል እጃቸውን አነሱ።

«ኢንተላ ኮ» አሉኝ፤ ልጄ ማለታቸው ነው። «ሌንሴ ውሃውን አይታ ፈርታ ተመልሳ ነበር። ‹አባዬ፣ ዛሬ ልቅር› አለችኝ። ፈተና እንዴት ይቀራል ብዬ በዱላ የመለስኳት እኔ ነኝ።»

«ታዲያ ይህን ቦታ ልዝለለው?» አልኳቸው።

«እናቷ ትመጣለች፤ እሷ ይህን አታውቅም። እንዳለ አንብቢው» አሉኝ።

በማግስቱ እንዳለ አነበብኩት። ሰው አጨበጨበ። የሌንሴ እናት ከፊት ተቀምጠው ያለቅሱ ነበር። ኦቦ ቶሎሳ ግን በሩን ይዘው እንደቆሙ ወደ እኛ አልዞሩም።

አሁን እሳቸው የሉም፤ እናቷ ግን በየዓመቱ ለበዓሉ ይመጣሉ። ባለፈው ሳምንት አንዲት ተማሪዬ «ቲቸር፣ ሌንሴ እውነት አልፈራችም?» ብላ ጠየቀችኝ።

«አልፈራችም» አልኳት።