ድንጋዩን ማን ይሸከም?

ይህ የሆነው አምና፣ ከፋሲካ በኋላ ነው። እስካሁን የሚያንገበግበኝ የልጅ ልጄ ለሞት መቃረቧ ብቻ አይደለም፤ ጥፋቱ በማን ላይ እንደተጫነ ጭምር ነው።

የምኖረው ወገዳ ከተማ ዳር ነው። በገበያ ቀን ወላጆች ሸጠው እስኪጨርሱ ልጆች ቪዲዮ ቤት ይቀመጣሉ። ባለቤቱ ጌጡ ለልጅ የሚሆነውን ከማይሆነው አይለይም፤ ያገኘውን ይከፍታል።

ያን ቀን ያሳያቸው ፊልም ሰው አግተው ጉድጓድ ውስጥ የሚጥሉበት ነበር። ልጆቹ ሲመለሱ ያንኑ ተጫወቱ። ታጋቿ የልጅ ልጄ ትርንጎ ሆነች። ባዶውን የማሽላ ማከማቻ ጉድጓዳችንን ከፍተው አስገቧትና አፉን ከደኑት። ጉድጓድ ሳይናፈስ እንደማይገባበት፣ የታፈነው አየር ሰው እንደሚገድል እኛ ትልልቆቹ እናውቃለን። ፊልሙ ይህን አልነገራቸውም። ድምጿ ሲጠፋ ሁሉም ተበተኑ።

ሮጦ የመጣው ሙሉቀን ብቻ ነው፤ ባሏ የሞተባት ጎረቤቴ የሙጬ ልጅ።

"እማማ፣ ትርንጎ ብንጠራት አትመልስም!" አለኝ።

ጎረምሶች ደርሰው ክዳኑን ገለጡ፤ በጋቢ እያራገቡ አናፈሱት። አንዱ ወገቡን በገመድ ታስሮ ወረደና አወጣት። ስትተነፍስ ባየሁ ጊዜ ተቀብዬ አቀፍኋት።

እሑድ ነገሩን ሊዳኙ ሽማግሌዎች ተቀመጡ። የሌሎቹ ልጆች አባቶች ሁሉ "ያስገባት ሙሉቀን ነው" ብለው ተስማሙ። ሙጬ አንገቷ ላይ ድንጋይ ተሸክማ፣ ልጇን አስከትላ ይቅርታ ልትለምነኝ መጣች። ጌጡ ከሽማግሌዎቹ ጋር ተቀምጧል!

ድንጋዩን ከአንገቷ አንሥቼ ጌጡ እግር ሥር አስቀመጥሁት።

"ያንተ ነው፤ ተሸከም!" አልሁት።

"አንቱ ሴትዮ፣ እኔ መቼ ጉድጓድ አስገቡ አልሁ? ፊልም እኮ ነው።"

"ጉድጓድ የገባችው ግን የእኔ ልጅ ናት።"

"ምነው፣ ዛሬ ጠላው በጠዋት ተጀመረ እንዴ?" አለ። ሽማግሌዎቹ ሳቁ። ከዚያ "ልጅቷ ተርፋለች፣ ይብቃ" ብለው መርቀው ተነሡ።

ቪዲዮ ቤቱ ዛሬም በየገበያው ይሞላል። ሙጬ ሐሜቱ ቢበዛባት ልጇን ይዛ ወደ እስቴ ተሰደደች። ትርንጎ ከዚያ ወዲህ ትንተባተባለች፤ በር ሲዘጋ ትጮኻለች።

በመትረፏ ፈጣሪዬን አመሰግናለሁ። ከእነዚያ ሽማግሌዎች ጋር ግን አልታረቅሁም፤ አልታረቅምም። አንዳንድ ቀን ትርንጎ "ሙሉቀን የት ሄደ?" ለማለት ከስሙ ጋር ትታገላለች። ጠብቄ አስጨርሳታለሁ። ከዚያ "እስቴ ነው፤ ሮጦ የጠራኝ እሱ ነበር" እላታለሁ።