ጀሶ የሞላው ክፍተት

ጋሽ ሽብልቅ ቅጽል ስማቸውን ያገኙት ከሥራቸው ነው። የጥንት ኬጢያውያን ጸሐፊዎች በሸክላ ጽላት ላይ ሲጽፉ የጎረቤቶቻቸው የሉዊኛ ቃል መሃል ሲገባባቸው፣ ብዙ ጊዜ ከፊቱ ሽብልቅ የመሰለች ምልክት ይጭሩ ነበር፤ «ይህ የእኛ አይደለም» እንደማለት። ጋሽ ሽብልቅ በሙዚየሙ ምድር ቤት ተቀምጠው እነዚህን ቃላት ለመዝገበ ቃላት በካርድ ሲለቅሙ ሠላሳ አራት ዓመት ሞላቸው። ነፍሳቸውን የሰጡት ግን ለአንድ ግስ ነው። ሌላው ሰው በመጠጥ ይሸነፋል፤ እሳቸው በግስ ተሸነፉ።

ግሱ ትርጉሙም አመጣጡም የማይታወቅ፣ በጥቂት ስብርባሪ ላይ ብቻ የተረፈ ነበር። በጉብዝናቸው ወራት ታዲያ ከመሳቢያ ሁለት ስባሪ አወጡ። አንደኛው «የጠፋውን ሰው ወደ ቤቱ» ይልና ይቋረጣል። ሁለተኛው በግሱ ይጀምርና «በሩም ተከፈተ» ይላል። ቢያስጠጓቸው ከሞላ ጎደል ገጠሙ። የጎደለችውን ጣት የማትሞላ ክፍተት በጀሶ ደፈኑ፤ በሙጫ አጣበቁ። ትርጉሙ ወለል ብሎ ታያቸው፦ ጠርቶ መመለስ። አመጣጡንም ከ«መጥራት» ሥር ነው ብለው ጻፉ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች የሚለውን ያን ቀን ማን ያስታውሳቸው!

ሚስታቸው ልብስ ሰፊ ነበሩ። ልጅ አልወለዱም። ሁልጊዜ «አንተ ሰውዬ፣ ያገባኸው እኔን ነው ሸክላህን?» እያሉ ይነዘንዟቸው ነበር። ያን ዕለት ማታ ግን ትርጉሙን ሲሰሙ ከመርፌያቸው ቀና አሉ።

«እኔ ብጠፋም እንዲህ ታደርገኛለህ ማለት ነዋ!»

«ምን ጥያቄ አለው!»

አንጀታቸው ቅቤ ጠጣ። ከዚያ በኋላ ስለ ሸክላው ነዝንዘው አያውቁም።

ሚስታቸው ሲሞቱ ጋሽ ሽብልቅ በመቃብሩ ድንጋይ ላይ ስምም ጥቅስም አላስጻፉም። ግሱን ብቻ፣ ከነሽብልቁ፣ በራሳቸው እጅ ስለው ለድንጋይ ጠራቢው ሰጡት። ጠራቢው ወረቀቱን ገልበጥበጥ አድርጎ «ጋሼ፣ ይሄን ወፍ ነው የጫረው?» አለ። በዚያ ሐዘን መሃል ፈገግ ብለው ነበር።

መዝገበ ቃላቱ ማተሚያ ቤት ሊገባ ሦስት ሳምንት ሲቀረው፣ በሙዚየሙ ጽላት የምትጠግን አንዲት ልጅ ያረጀውን ሙጫ ልታጸዳ ስባሪዎቹን ፈሳሽ ውስጥ ነከረቻቸው። ጀሶው ሟሟ። ልጅቷ ለካች፤ ደግማ ለካች። ከዚያ ጠራቻቸው።

«ጋሼ፣ የዚህኛው ውፍረት ከዚያኛው በስንዴ ፍሬ ያህል ይበልጣል። መስመሮቹም አይገናኙም። የአንድ ጽላት አይደሉም።»

ጋሽ ሽብልቅ ስባሪዎቹን በሁለት እጃቸው ይዘው አስጠጓቸው። አራቋቸው። እንደገና አስጠጓቸው። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል፤ እሳቸው ላይ ሠላሳ ዓመት አድሮ ነው የጠራው። ወሽመጣቸው ተቆረጠ።

ልጅቷ ፊታቸውን አይታ ደነገጠች። ድምጿን ዝቅ አድርጋ «እኔ ምንም አላየሁም። መልሼ ላጣብቀው?» አለች።

እሺ ሊሏት አፋቸው ላይ ደርሶ ነበር። ማን ያውቅባቸዋል? እዚያ ምድር ቤት ውስጥ ሁለት ሰውና አቧራ ብቻ ነው ያለው።

«ተይው ልጄ» አሉ። «ለየብቻ መሳቢያ አስቀምጫቸው።»

ካርዱን አወጡ። በወጣትነት ጽሕፈታቸው የሞላውን ገጽ በአንድ መስመር ሰረዙና ከሥሩ «ትርጉሙ አይታወቅም። አመጣጡ አይታወቅም» ብለው ጻፉ። ሠላሳ ዓመት ለዚህች! ይህንማ ሥራ የገቡ ዕለትም ያውቁት ነበር።

ከሰዓት በኋላ ወደ መቃብሩ ሄዱ። ድንጋዩ እንደነበረ ነው፤ ጠራቢው ጎበዝ ነበርና አንዷም ጭረት አልደበዘዘችም። በዚያ ከተማ ያንን ድንጋይ ማንበብ የሚችል አንድ ሰው ብቻ ነበር። ጋሽ ሽብልቅ መነጽራቸውን ወልውለው እያንዳንዷን ምልክት ከግራ ወደ ቀኝ አነበቡ። ድምፁ ይወጣል፤ የሚለው ነገር ግን የለም። ሣሩ ላይ ቁጭ አሉ።

«ይቅር በይኝ» አሏቸው ሚስታቸውን። «ምን ብዬ እንደጻፍኩብሽ አላውቅም።»