የኮክ ዛፍ በኤስፔራንቶ

የያዙኝ ደብረ ማርቆስ፣ ዘጠነኛ ክፍል እያስተማርሁ ነው። ጠመኔውን እንኳ አላስቀመጥሁም። የገባሁበት የእስር ክፍል አሥራ አንድ ሰው ይዟል፤ ሲሚንቶው እርጥብ፣ የሽንቱ ሽታ ዓይን የሚያቃጥል። በሩ አጠገብ የተቀመጡ አንድ ሽማግሌ ጋቢያቸውን ሰብሰብ አድርገው ቦታ ሰጡኝ። የዲማ የቅኔ መምህር ናቸው። ለቅሶ ላይ የተቀኙት ቅኔ አስተዳዳሪውን ይሰድባል ተብለው ነው የታሰሩት።

የእኔ ወንጀል ደብተር ነበር። የዓለም ሰው ሁሉ እንዲግባባበት ታስቦ የተፈጠረ፣ ኤስፔራንቶ የሚባል ቋንቋ ከአንድ አሮጌ መጽሐፍ ለብቻዬ እማር ነበር። ቃላቱን ደብተሬ ላይ እጽፋለሁ፤ ከጎናቸው ደግሞ የመጡበትን።

መርማሪው ጣቱን አንዱ ቃል ላይ አሳረፈ።

«ፐርሲካርቦ። ምንድን ነው?»

«የኮክ ዛፍ።»

«እዚህ ጋ ፋርስ ይላል። ፋርስ ኢራን አይደለም?»

«ነው። ሮማውያን ፍሬው ከፋርስ የመጣ መስሏቸው በፋርስ ስም ጠሩት። ቃሉ የመጣው ከዚያ ነው። አርቦ ደግሞ ዛፍ ማለት ነው፤ ከላቲን...»

«አርቦ ዐረብ ነው!» በደብተሩ ፊቴን መታኝ። «ከኢራንና ከዐረብ ጋር የምትገናኝበት ነው።»

ከንፈሬን እየጠረግሁ ስመለስ የኔታ በምን ምክንያት እንደተመታሁ ጠየቁኝ። ነገርኋቸው።

«እኛስ ኮክ ያልነው ከየት አምጥተን ነው?» አሉ።

«ከዐረብኛ ነው ይባላል፣ የኔታ።»

እስኪያስላቸው ድረስ ሳቁ። «እንግዲያ ደምበጫ ገበያ ኮክ የሚሸጡትን ሴቶች ሁሉ ይያዟቸዋ!» ወዲያው ፊታቸው ጠቆረ። «ልጄ፣ ያላልኸውን እንዳትፈርም። እኔ ፈርሜያለሁ። ቅኔዬን እነሱ በፈቱት አፈታት ፈረምሁ። ከእንግዲህ ያ ቅኔ የእኔ አይደለም።»

በማግስቱ ቃሌ ነው የተባለ ወረቀት ቀረበልኝ። «ደብተሩ ከውጭ ኃይሎች ጋር የምጻጻፍበት ሚስጥራዊ ጽሑፍ መሆኑን አምኛለሁ» ይላል። እስክሪብቶውን ተቀብዬ መስመሩን ሰረዝሁት። ከላዩ «ፐርሲካርቦ፦ የኮክ ዛፍ» ብዬ ጻፍሁና ፈረምሁ። ለዚያች ስረዛ አራት ወር አቆዩኝ። ስወጣ የኔታ እዚያው ነበሩ፤ መፈረማቸው አላስፈታቸውም።

ቀበቶዬን የመለሰልኝ ያው መርማሪ ነው። ደብተሩን አልመለሰም። ዞር ዞር ብሎ ሰው አለመኖሩን አየና ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«ለመሆኑ በዚያ ቋንቋ እናት ምን ትባላለች?»

ቋንቋ መሆኑን ያውቅ ነበር። ሲመታኝም ያውቅ ነበር።

ቀበቶዬን አጥብቄ ወጣሁ።

ምቱን ረስቼዋለሁ። አራቱንም ወር አንድ ቀን እረሳ ይሆናል። እያወቀ ማድረጉን ግን እስከ ዛሬ አልተውሁለትም። አስተማሪ ነኝ፤ የተጠየቅሁትን እያወቅሁ ሳልመልስ የሄድሁት ያን ቀን ብቻ ነው። አልጸጸትም።