የኦቦ ቶሎሳ የአስተያየት ደብተር

ሰሞኑን ከሥራ ገብቼ ስልኬን ስነካካ አንድ የድሮ አስቂኝ ፊልም አገኘሁ። ብዙዎቻችሁ የምታውቁት አይመስለኝም። ኢንተርኔት ላይ ከተጫነ ዓመታት አልፈዋል፤ ያየው ሰው ጥቂት ነው፤ ከሥሩ የተሰጠው አስተያየትም ሰባት ብቻ። አንዱ «ድምፁ አይሰማም» ይላል። አንዷ «ጊዜዬን መልሱልኝ» ብላለች። ሌላው የሚስቅ ፊት ለጥፎ ሄዷል። ከሰባቱ አንዳቸውም በስማቸው አልጻፉም፤ አንዱ የአንበሳ ምስል ነው፣ አንዷ የጽጌረዳ። እኔ ግን ገና የመክፈቻው ሙዚቃ ሲጀምር የድርቆሽ ሣር ሸተተኝ። የምኖረው ጎዴ ነው፤ እዚህ የሚሸተው የጋለ አሸዋ ነው እንጂ ድርቆሽ ከየት ይመጣል? ስልኩን አስቀምጬ አማተብኩ።

ልጅነቴ ሱሉልታ ነው። ኦቦ ቶሎሳ የሚባሉ፣ ዕድሜያቸውን በመዝገብ ቤት ሠርተው ጡረታ የወጡ ጎረቤት ነበሩን። ከወተት መሰብሰቢያው ጀርባ ያለውን የድርቆሽ መጋዘናቸውን ቪዲዮ ቤት አደረጉት። ድርቆሹ ግን ጨርሶ አልወጣም ነበር። ቀድሞ የመጣ አግዳሚው ላይ፣ የዘገየ የድርቆሽ እስር ላይ ይቀመጣል። ፊልም አይተን ስንወጣ አንዳችን ከሌላችን ፀጉር ላይ ሣር እንለቅም ነበር፤ ቤት የሚያስነቃብን እሱ ነበራ።

ኦቦ ቶሎሳ ጡረታ ይውጡ እንጂ መዝገብ ቤቱ ከእሳቸው አልወጣም። በሩ አጠገብ ጠረጴዛ፣ ጠረጴዛው ላይ ትልቅ ደብተር ነበር። በማስመሪያ የተሰመረ ነው፤ ተራ ቁጥር፣ ሙሉ ስም እስከ አያት፣ ሰፈር፣ አስተያየት፣ ፊርማ። ፊልም ያየ ሰው አስተያየቱን ሳይሰጥ አይወጣም። መፈረም የማይችል አውራ ጣቱን ሰማያዊ ቀለም አስነክቶ ያትማል። «ያየ ሰው ምስክር ነው፤ ምስክር ደግሞ ስም አለው» ይሉ ነበር። የእሳቸው እጅ ይንቀጠቀጥ ስለነበር የብዙውን ሰው ቃል የምጽፈው እኔ ነበርኩ። ያኔ የአሥራ አንድ ዓመት ልጅ ነኝ፤ በሰንበት ትምህርት ቤት በጽሕፈት የሚስተካከለኝ አልነበረም። እማዬ ይህን አታውቅም። ቪዲዮ ቤት የኃጢአት ደጃፍ ነው ብላ የከለከለችኝ ቦታ ነው፤ እኔ ደግሞ ላጠና ነው እያልኩ እሄድ ነበር።

የአዲስ አበባው ማስተር ፕላን ተቃውሞ የተነሳ ጊዜ ትምህርት ቤት ተዘጋ። የጫንጮ መንገድ ድንጋይ ተደርድሮበት ሚኒባስ ጠፋ። ልጁ የታሰረበት ቤት ነበር፣ ልጁ ጭራሹን ያልተመለሰበትም ቤት ነበር። ሰው ሰላምታውን እንኳ አሳጠረው፤ «አካም ጅርቱ?» ብሎ መልስ ሳይጠብቅ ያልፋል። ጊዜው የነቢያት ጾም ነበር። በዚያ ሰሞን ነው ኦቦ ቶሎሳ አንድ ቀን ከምሳ በኋላ «ሰው ትንሽ ይተንፍስ» ብለው ይህን ፊልም የከፈቱት።

ታሪኩ ቀላል ነው። አንድ ቧንቧ ሠራተኛ የተበላሸ ቧንቧ ሊጠግን አንድ ቤት ይመጣል። ቤተሰቡ የሚጠብቀው ደግሞ ከውጭ አገር የሚመጣ፣ አይተውት የማያውቁትን የልጃቸውን እጮኛ ነው። ገና በሩን ሲያንኳኳ እልል ብለው ያስገቡታል፤ እግሩን ያጥቡታል፣ ያጎርሱታል። እውነተኛው እጮኛ በሙሉ ልብሱ ሲደርስ «አረፈድክ!» ብለው መፍቻ አስይዘው መታጠቢያ ቤት ይከቱታል። ቧንቧ ሠራተኛው አንድም ቃል አልዋሸም። ስሙን የጠየቀው የለም፣ በቃ።

የዚያን ቀን እንደሳቅነው ሳቅ በሕይወቴ አልሰማሁም። መጀመሪያ ሰዉ ፈራ፤ አፉን በጋቢው ይዞ ነበር የሚስቀው። በኋላ ግን መጋዘኑ ራሱ የሚስቅ መሰለ። ከዚያ ተሰለፉና ቃላቸውን ሰጡ፣ እኔ ጻፍኩ። አንድ አዛውንት «ሙሽራው ይበለው፣ ኩራቱ አላማረኝም» አሉ። አንዲት እናት «ሦስት ሳምንት ሙሉ አልሳቅሁም ነበር፤ እግዚአብሔር ይስጥልኝ» ብለው አውራ ጣታቸውን አተሙ። አንዱ አናጢ «አንድ ሰው ስሙን ቢጠይቀው ኖሮ ፊልሙ በአምስት ደቂቃ ያልቅ ነበር» አለ። ሰዉ አርባ አንድ ሆነ። አርባ አንድ ሙሉ ስም፣ ፊርማና አሻራ።

በማግስቱ ጠዋት ፖሊሶች ደርሰው ኦቦ ቶሎሳንም ደብተሩንም ወሰዱ። አሁን ሳስበው አይገርመኝም። በዚያ ወቅት አርባ አንድ ሰው አንድ መጋዘን ውስጥ በር ዘግቶ ቆይቶ፣ ስሙን እስከ አያቱ ጽፎ ከፈረመ፣ የስብሰባ ቃለ ጉባኤ ነው ከማለት ሌላ ምን ይባላል? እኛ ሰፈር ካልሆነ በቀር ለሳቁ የሚፈርም ሰው ከየት ተገኝቶ?

ባለቤታቸው አዴ ጫልቱ እያለቀሱ እኛ ቤት መጡ። «የማን ጽሕፈት ነው ቢሏቸው የእኔ ነው አሉ። የእሳቸው እጅ እንዲህ ይጽፋል?» አሉ ለእማዬ። እኔን ግን፣ የጻፍኩት እኔ መሆኔን እያወቁ፣ አንድ ጊዜም አላዩኝም። ያለማየታቸው ነው ያቃጠለኝ። በጾም፣ የተከለከልኩበት ቦታ፣ ያውም እየዋሸሁ። ቢሆንም «እማዬ፣ የጻፍኩት እኔ ነኝ» አልኩ።

እማዬ ነጠላዋን አነሳች። «ተነሺ።»

«እማዬ፣ ትገርፊኛለሽ?»

«እሱን ስንመለስ እናየዋለን።»

የጣቢያው አለቃ ዓይኑ እንቅልፍ በማጣት የቀላ ሰው ነበር። ደብተሩ ፊቱ ተከፍቷል። እማዬ እጇን ትከሻዬ ላይ አድርጋ፣ «ጌታዬ፣ ይህን የጻፈችው ይቺ ልጅ ናት፤ ሰውየውን ይልቀቁልን» አለች።

«ይቺ?» ብሎ እስክሪብቶ ወረወረልኝ። «ጻፊ እስቲ።»

«ምን ልጻፍ?»

«የፈለግሽውን።»

ሌላ ምንም አልመጣልኝም፤ «አቡነ ዘበሰማያት» ብዬ ጀመርኩና እስከ «ሲሳየነ» ደረስኩ። ወረቀቱን ከደብተሩ ጎን አድርጎ ፊደል በፊደል አስተያየ። «እሺ፣ ይሄ ሁሉ ሰው የፈረመው በምን ጉዳይ ነው?»

«በፊልም ነው ጋሼ።»

«የምን ፊልም?»

ነገርኩት። መጀመሪያ ወለሉን እያየሁ፣ በኋላ ግን እንዴት እንደሆነ አላውቅም፣ ተነስቼ እየተወንኩ። ሙሽራው እስከ ከረባቱ ርሶ «እኔ እኮ ሙሽራው ነኝ!» ሲል፣ የልጅቷ እናት «እሱን ቧንቧውን ስትጨርስ ታወራለህ!» የምትልበት ቦታ ስደርስ በሩ ላይ የቆመው ወጣት ፖሊስ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ። ትከሻው ይንቀጠቀጣል። አለቃው «ሥርዓት ያዝ!» ሊለው አፉን ከፈተ፣ የወጣው ግን ሳቅ ነው። ከኋላዬ አንድ ድምፅ ሰማሁ። እማዬ ነበረች፤ ነጠላዋን አፏ ውስጥ ጠቅጥቃ። ከዚያ ቀን በፊት እማዬ ስትስቅ አይቻት አላውቅም። ያ ሁሉ ፍርሃት ባለበት ክፍል ውስጥ ያ ሳቅ ከየት እንደመጣ ዛሬም ሳስበው ይደንቀኛል። እግዚአብሔር ለልጅ አፍ ቃል ሲሰጥ እንደዚያ ነው።

አለቃው ዓይኑን ጠርጎ ኦቦ ቶሎሳን አስጠራቸው። ከጠዋት ጀምሮ «አንተ ሽማግሌ» ሲባሉ የዋሉ ሰውዬ ናቸው። እስኪቀመጡ ጠብቆ፣ «አባቴ፣ ስምዎ ማን ነው?» አላቸው። ኦቦ ቶሎሳ ቀና ብለው፣ ቀስ ብለው፣ እስከ አያታቸው ነገሩት።

«ይሂዱ። ደብተሩ ግን እዚህ ይቆያል።»

ኦቦ ቶሎሳ ተነሱ፣ በሩ ጋ ደረሱና ተመለሱ። የእማዬ እጅ ትከሻዬን ጨመቀኝ። «ልጄ፣ ይህቺ ኢንተላ፣ ይህቺ ልጅ፣ ፊልሙን ነግራሃለች አይደል? እንግዲያስ ደንብ ነው። የሰማም አስተያየት ይሰጣል» አሉት። አለቃው ለረጅም ጊዜ አያቸው። ከዚያ ደብተሩን ወደ ራሱ ስቦ፣ በተራ ቁጥር አርባ ሁለት ላይ ጎንበስ ብሎ ጻፈና ፈረመ። ደብተሩ ከዚያ ወዲህ አልተመለሰም። ምን ብሎ እንደጻፈ እስከ ዛሬ አናውቅም።

ወደ ቤት ስንመለስ እማዬ ከፊት ከፊቴ ትሄድ ነበር። ግማሽ መንገድ ላይ ሳትዞር፣ «ለመሆኑ ያቺን ልጅ ማን አገባት?» አለችኝ። «ማንም አላገባትም እማዬ። ቧንቧ ሠራተኛው ዕቃውን ሰብስቦ ሲወጣ እሷ ሮጣ ደርሳ ስምህ ማን ነው ስትለው ፊልሙ ያልቃል።» እማዬ ጥቂት ተራመደችና «ጎበዝ ልጅ ናት» አለች። ማታ ለውሸቴ አርባ አንድ ስግደት አዘዘችብኝ። እሷም አጠገቤ ሆና እኩል ሰገደች።

ቪዲዮ ቤቱ ከዚያ በኋላ አልተከፈተም። ኦቦ ቶሎሳም ከሦስት ዓመት በፊት አርፈዋል፤ ለቀብራቸው አልደረስኩም። እዚህ ከሰባቱ አስተያየቶች ፊት ቁጭ ብዬ የማስበው እነዚያን አርባ አንድ ሰዎች ነው። ዛሬ አንድ ፊልም አልጣመኝም ለማለት እንኳ አበባ ጀርባ እንደበቃለን። እኔም ያው ነኝ፤ ስሜን ሳልገልጽ የኖርኩ ጥንቁቅ ሰው ነኝ። እነሱ ግን ስም መስጠት በሚያስፈራበት ወር፣ ስቀናል ብለው እስከ አያታቸው አስመዘገቡ።

አማተብኩና የአስተያየት መጻፊያውን ነካሁ። «ተራ ቁጥር ስምንት። ሐና ደበላ ቱሉ። ሱሉልታ፣ ከወተት መሰብሰቢያው ጀርባ። አይቻለሁ፣ ስቄአለሁ» ብዬ ጻፍኩ። ፊርማ የሚደረግበት ቦታ ፈለግኩ፤ የለውም። አውራ ጣቴን የስልኩ መስታወት ላይ አሳረፍኩና ላክሁት።