የፍቅረ ማርያም ማርሚታ

ፍቅረ ማርያም ጎበዝ ሾፌር ነው፤ ይህን የሚክድ የደብረ ብርሃን ሰው የለም። ምርጫ ላይ ግን አያድርስ ነው። ሸሚዝ ሊገዛ ወጥቶ ባዶ እጁን ይመለሳል፤ ምግብ ቤት ገብቶ ያዘዘውን ለማስቀየር አስተናጋጇን መልሶ ይጠራል። እንዲህ ያለውን ሰው ነው እንግዲህ ኑሮ ከሁለት ማርሚታ አንዱን ምረጥ ያለው።

ነገሩ የጀመረው አንኮበር መንገድ ላይ ነው። አባቱን መሪጌታ ገብረአብን ከጎረቤላ ይዞ ሲመጣ ትንሿ ቪትዝ ዳገቱ መሃል ላይ አቃሰተች፣ ተንቀጠቀጠችና ቆመች። መሪጌታ መቋሚያቸውን ይዘው ወረዱና ዳገቱን በእግራቸው ተያያዙት፤ እሱ ባዶዋን መኪና እያስጓራ ከኋላ ከኋላቸው። አናቱ ላይ ሲደርሱ «ከእንግዲህ እግሬ ይሻለኛል» አሉ። ከዚያ ወዲህ ቪትዟን ረግጠዋት አያውቁም።

አሁን ደግሞ የልጁ የሔራን ክርስትና ደረሰ። አያቷ ያልተገኙበት ክርስትና ለፍቅረ ማርያም ክርስትና አይደለም። በስልክ እንዳይለምናቸው ጆሯቸው ከደከመ ቆይቷል፤ ማኅሌት መቆም የተዉትም በዚሁ ነው፣ የሌላውን ስለማይሰሙ ድምፃቸው ከማኅበሩ ዜማ እየወጣ አስቸገራቸው። ሰው ቢልክባቸው «እግዜር ካለ በእግሬ እመጣለሁ» አሉ፤ በሰማንያ ዓመታቸው፣ ያን ሁሉ አገር አቋርጠው። በሚኒባስ ይምጡ ሲባሉ ደግሞ «ልጄ መኪና እያለው በሰው መኪና?» ብለው ተቆጡ። ፍቅረ ማርያም ከዚህ በኋላ ምን እንደሚፈልጉ መገመቱን ትቶ መኪናዋን ረሺድ ጋራዥ ወሰዳት።

ረሺድ የአልዩ አምባ ልጅ ነው፤ ሲናገር አይቸኩልም። ከመኪናዋ ሥር ወጥቶ እጁን ጠረገ።

«ያፈናት ማርሚታዋ ነው። ውስጡ ተበልቶ ተደፍኗል። ትንፋሽ ያጣ ዳገት ይወጣል እንዴ?»

ሁለት ማርሚታ አምጥቶ መሬት ላይ አጋደመ። «ይኼ ከሌላ ቪትዝ የተፈታ ኦሪጅናል ነው፤ ዝምተኛ ነው። ይኼኛው ስፖርት የሚሉት ነው። ጭሱን ቶሎ ስለሚለቅ ዳገት ላይ ትንሽ ጉልበት ይጨምርልሃል። ግን ይጮኻል።»

«አባቴን ይዤ ዳገቱን የቱ ያወጣኛል?»

«ሁለቱም ያወጡሃል ኢንሻአላህ። ይኼኛው በደንብ ያወጣሃል።»

«እንግዲያው እሱን ግጠምልኝ።»

«ግን ይጮኻል።»

ፍቅረ ማርያም ላስብበት ብሎ ሄደ። ባለቤቱ ይመኙሻል ግን የሚታሰብ ነገር አልታያትም። «የመሪጌታ ልጅ ሆነህ ቤተ ክርስቲያን ደጅ እያንባረቅህ ልትመጣ ነው? ዝምተኛውን አስገጥም» አለች። እውነቷን ነው አለ። ተራ ላይ አብሮት የሚቆመው ፍሥሐ ደግሞ «በዝምተኛው ሄደህ ዳገቱ ላይ ብትቆምባቸው፣ አባትህን ሁለተኛ መኪናህ ውስጥ አታገኛቸውም» አለው። እሱም እውነቱን ነው። ሁሉም እውነታቸውን ሆነና ሰውዬው ከሁለት ያጣ ጎመን ሆኖ አረፈው።

በመጨረሻ ያደረገውን የዜማ ተማሪ ካልሆነ ማንም አያደርገውም። ፍቅረ ማርያም መሪ ከመጨበጡ በፊት አባቱ እግር ሥር ድጓ የጀመረ ልጅ ነበር፤ ጨርሶ ባለመዝለቁ መሪጌታ አንድ ቀን ወቅሰውት አያውቁም፣ እሱም አንድ ቀን ረስቶት አያውቅም። ረሺድን ሁለቱንም በየተራ ግጠምና ነዳጅ ስጣት አለው፤ ራሱ ዓይኑን ጨፍኖ ቆመ። ዝምተኛው ዜማ የሚባል የለውም። ሌላው ሲነሳ ግን ደረቱ ድረስ ገባ።

«ዕዝል ነው» አለ፤ «እንደ ግዕዝ ዜማ ደረቅ አይደለም፤ ለስላሳ ነው፤ አባቴ አይጠሉትም። ይኼው ይሁን።»

ረሺድ ብዙ ዓይነት ደንበኛ አይቷል። ማርሚታ በዜማ የመረጠ ግን አጋጥሞት አያውቅም፤ አንገቱን ነቅንቆ ብሎኑን አጠበቀ።

አባቱን ሊያመጣ ሲነሳ ጸጸቱ ከተማው ሳያልቅ ጀመረ። መንገደኛው ይዞራል፣ አህያው ይደነብራል፤ አንድ ቄስ ጋቢያቸውን ሰብስበው ከመንገዱ ሲርቁ ሲያይማ ላቡ መጣ። ለስላሳ ያለው ድምፅ ሜዳ ላይ ሲለቀቅ ሌላ ሆኖበታል። ጎረቤላ ሳይደርስ አቁሞ በእግሩ ሊገባ አሰበ፤ ግን ሲያስብ ደረሰ።

ወትሮ አባቱን የሚያገኛቸው ጎጇቸው ውስጥ ነው፤ መምጣቱን የሚያውቁት ትከሻቸውን ሲነካቸው ነው። ዛሬ በር ላይ ቆመው አገኛቸው።

«ከላይኛው መታጠፊያ ጀምሮ እሰማሃለሁ» አሉ።

ይህ ቁጣ ይሁን ደስታ አልገባውም። ወደ ጆሯቸው ጎንበስ ብሎ «ይቅር ይበሉኝ አባዬ፤ ዕዝል መስሎኝ ነው የገዛሁት» አለ።

«ምን ዕዝል! ግዕዝ ነው እንጂ፤ ደረቅ ግዕዝ። ዛሬም አትለይም?»

ከስንት ዘመን በኋላ በዜማ ጉዳይ ገሠጹት። ደስ አለው፤ ደስ ማለቱ ደግሞ ግራ አጋባው። እሱ ምን እንደሚመልስ ሲያስብ መሪጌታ ማንም ሳይለምናቸው የቪትዟን በር ከፍተው ገቡ፤ መቋሚያቸውን በጉልበታቸው መሃል አቆሙ።

ያ ዳገት መጣ። ፍቅረ ማርያም ሁለተኛ ማርሽ አስገብቶ ነዳጁን ረገጠ፤ ቪትዟ እያገሳች ወጣች። የአባቱ ከንፈር ሲንቀሳቀስ አይቶ መቼም ከፍርሃት የተነሳ ይጸልያሉ አለ። ቀስ እያለ ግን ድምፃቸው ከሞተሩ ጩኸት ሥር ወጣ። መሪጌታ እያዜሙ ነበር። የሚሰሙትን አንድ ድምፅ ይዘው፣ ከሱ ሳይወጡ፣ ዓይናቸውን ጨፍነው።

አናቱ ላይ ወጡና መንገዱ ሜዳ ሆነ። ማርሽ መቀየር፣ እግርን ማንሳት የሚገባው እዚህ ነው፤ ቢያነሳ ደግሞ ድምፁ ይወርዳል፣ አባቱም የያዙት ዜማ ይጠፋባቸዋል። ሞተሩ ጮኸ፣ ቤንዚኑም እያለቀ ነው፣ ከኋላ የመጣው አይሱዙ አሳልፈኝ እያለ ጥሩምባ ይነፋበታል። ፍቅረ ማርያም ለመጀመሪያ ጊዜ አላመነታም። በሁለተኛ ማርሽ ቀጠለ።